ጆሮን ከጩኸት ማዳን፦ ከወፍጮ ቤት እስከ ሠርግ ድንኳን

አጎቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወፍጮ ቤት ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ባለፈው ፋሲካ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ስለ ታናሽ ወንድሜ እያወራኋቸው ነበር። "ጋሼ፣ ልጁ እኮ ሠራ፤ ቤቱን ሠራ" አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "ፈራ? ምን አይቶ ነው ልጄ የፈራው?" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ጮክ ብዬም ደገምኩላቸው። አሁንም የሰሙት "ፈራ" ነው።

"ሠራ"ን ከ"ፈራ" የምትለያት አንዲት ቀጭን ድምፅ ናት። "ሰ"፣ "ፈ"፣ "ሸ"፣ "ተ" ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ጩኸት የጎዳው ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው እነዚህን ነው። እንዲህ ያለ ሰው "አልሰማም" የማይለውም ለዚህ ነው። "ድምፁን እሰማዋለሁ፣ ግን አይለይልኝም" ነው የሚለው። ስትጮኹለት ደግሞ "ራ" ትጎላለች እንጂ "ሠ" አትመለስም።

ጋሼን ጆሯቸውን አሟቸው አያውቅም። መግል አልፈሰሰም፣ አልቆሰለም። መስማታቸው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የሄደው። ይህን መመሪያ የምጽፈው እሳቸው በጊዜው ያላገኙትን ምክር ሌላው እንዲያገኘው ነው። ምሳሌዎቹ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ናቸው። ወፍጮው፣ ሠርጉ፣ ተኩሱ፣ የቡሄ ጅራፉ፣ ባጃጁ።

ጆሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመጠመች ትንሽ ክፍል አለች። ውስጧ ፈሳሽ ነው። እዚያ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ሲገባ ይወዛወዛሉ። ውዝዋዜያቸው ተለውጦ ወደ አንጎል ሲደርስ ነው "ሰማሁ" የምንለው።

የገብስ ማሳ አስቡ። ንፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ ንፋሱ ሲያልፍ ይቃናል። በረዶ የወረደበት ግን ተሰብሮ ይቀራል። ከሠርግ ማግስት ጆሯችሁ ድፍን ብሎ ውሎ የሚለቃችሁ ንፋስ እንደነካው ገብስ ነው። በየሳምንቱ ሲደጋገም፣ ወይም አንድ ኃይለኛ ፍንዳታ ሲመጣ፣ ያ በረዶ ነው። ገበሬው በበልግ መልሶ ይዘራል። የሰው ጆሮ ግን እነዚህን ሕዋሳት መልሶ አያበቅልም። የሞቱትን የሚመልስ መድኃኒትም የለም።

ጩኸቱ አደገኛ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ተራ ወሬ 60 ገደማ ነው። 85 ሲደርስና ሰዓቱ ሲረዝም ጆሮ መጎዳት ይጀምራል። ይህን ለማወቅ የግድ መሣሪያ አያስፈልግም።

አንድ ሰው በክንዳችሁ ርቀት፣ አንድ ሜትር ያህል ላይ፣ ፊት ለፊት ይቁም። በተለመደው ድምፃችሁ አውሩት። እንዲሰማችሁ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካለባችሁ ቦታው 85 ዴሲቤል ደርሷል ወይም አልፏል ብላችሁ ያዙ። ጆሮው ሥር ተጠግታችሁ መጮህ ካለባችሁ ደግሞ በጣም አልፏል። እዚያ የምትቆዩበትን ደቂቃ መቁጠር ጀምሩ።

ስልክ ያለው ሰው ከፕሌይ ስቶር የድምፅ መለኪያ አፕ በነፃ ማውረድ ይችላል። የስልክ ማይክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም። በጣም ከፍተኛ ድምፅ ላይ ደግሞ አሳንሶ የሚያሳይ ብዙ ነው። ለግምት ግን ይጠቅማል። በተለይ ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር፦ በሩ ጋ ስንት አለ፣ ከሞተሩ አጠገብ ስንት አለ?

ሦስተኛው መለኪያ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ነው። ጆሯችሁ ጭው ካለ፣ ጥጥ የተወተፈበት ያህል ከደፈነ፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ከሆነባችሁ፣ ቦታው ከመጠን በላይ ነበር። "ለመድኩት፣ አሁን አይረብሸኝም" የሚሉ ሰዎች አሉ። ጆሮ ጩኸትን አይለምድም። አልረበሸኝም ማለት አንዳንዴ መስማት መቀነሱ ራሱ ነው።

የጩኸትና የሰዓት ሒሳብ

ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሒሳብ አለ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም ለሠራተኞች ያወጣው መጠን ነው። በ85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን 8 ሰዓት። ከዚያ በኋላ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ88፣ 4 ሰዓት። በ91፣ 2 ሰዓት። በ94፣ 1 ሰዓት። በ97፣ ግማሽ ሰዓት። በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ።

3 ዴሲቤል ስትጨመር ጆሯችሁ ብዙም ልዩነት አይሰማውም። የድምፁ ጉልበት ግን እጥፍ ሆኗል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በራሳችን ፈቃድ ለምናዳምጠው ነገር ጠበቅ ያለ ልክ አስቀምጧል። ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለልጆች 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት። ልጆች ከእኛ ቀድመው መውጣት አለባቸው ማለት ነው።

ወፍጮ ቤት

ብዙ ሰው የወፍጮ ቤትን ጩኸት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ወደ ጣሪያ እየተላተመ ይመለሳል። ጥቂት ደቂቃ ብሎ የገባ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ሰዓት ያልፈዋል። ሕፃን ያዘለች እናት ከነልጇ ሚዛኑ አጠገብ ትቆማለች። እሷ ያለችበት ጩኸት ለልጇም እኩል ነው። የልጇ ጆሮ ግን ገና ለጋ ነው።

እህል ለማስፈጨት ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። እህሉን አስመዝኑ፣ ወረፋችሁን አስይዙ፣ ከዚያ ውጡ። በሩ ጋ ሳይሆን ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ተራችሁ ሲደርስ እንዲጠሯችሁ ለጎረቤት ወይም ለሠራተኛው ንገሩ። ገብሱ ሲገባ ማየት የግድ ከሆነባችሁ ለዚያች ጊዜ ብቻ ግቡ። ልጆችን ከተቻለ ቤት ትታችሁ ሂዱ። ካልተቻለ ውጭ ከሚጠብቅ ሰው ጋር አስቀምጧቸው።

ወፍጮው የእናንተ ከሆነ ብዙ ማድረግ ትችላላችሁ። ብዙ ወጪም አይጠይቅም። አንድ ቀን ሞተሩን አጥፍታችሁ ዙሩት። የላላ ብሎን ይንቀጠቀጣል፣ አጥብቁት። ቺንጋው ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ ይጮኻል፣ ለውጡት። ኩሽኔታው ካለቀ ድምፁ ከሩቅ ይታወቃል። ግሪስ አጠጡት፣ ካልሆነ ቀይሩት። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ማርሚታው ተበስቶ እንደሆነ እዩ። የጭስ ማውጫውን አስረዝማችሁ ሰው በሌለበት በኩል ወደ ውጭ አውጡት። ከሞተሩ እግር ሥር ወፍራም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስገቡ። ንቅናቄው ወደ ወለሉና ወደ ቆርቆሮው እንዳይተላለፍ ይረዳል። ቦታ ካላችሁ ሞተሩንና ደንበኛው የሚቆምበትን በግንብ ለዩ። ጭቃ ቤትም ቢሆን ከቆርቆሮ ይሻላል። ወፍራምና ከባድ ነገር ድምፅን ያስቀራል።

ለደንበኞች አንድ አግዳሚ ወንበር ውጭ አውጡላቸው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ለሠራተኛው ደግሞ መድፈኛ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው መድፈኛ ቢያገኝም በትክክል አያደርገውም።

የጆሮ መድፈኛ አመራረጥና አደራረግ

ደብረ ብርሃን ብርድ ናት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ጆሮ መሸፈን ልማዳችን ነው። ጋቢ፣ ሻርፕ፣ የሱፍ ኮፍያ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ብርድ የሚከለክል ሁሉ ጩኸት አይከለክልም። ጋቢ ሳሳ ያለ ነው፣ ድምፅ ሰንጥቆት ያልፋል። ጥጥም እንዲሁ ነው። ጆሮ ውስጥ ጥጥ የወተፈ ሰው ተከላከልኩ ብሎ ያስባል እንጂ የሚቀንስለት በጣም ጥቂት ነው።

እውነተኛ መከላከያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ የስፖንጅ መድፈኛ ነው። ሌላው እንደ ሄድፎን ጭንቅላት ላይ የሚደረገው መሸፈኛ ነው። ሁለቱንም የሴፍቲ ጫማና ሄልሜት ከሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። መድፈኛውን አንዳንድ ፋርማሲም ይይዘዋል።

የስፖንጁ አደራረግ እንዲህ ነው፦

1. እጃችሁን ታጠቡ። ዱቄት፣ ሲሚንቶ ወይም ግሪስ በነካው እጅ የተጠቀለለ መድፈኛ ቆሻሻውን ይዞ ነው ጆሮ ውስጥ የሚገባው።

2. ስፖንጁን በሁለት ጣት መሐል አድርጋችሁ እያሽከረከራችሁ አቅጥኑት። እንደ ክር ጥቅል ቀጥ ያለና ቀጭን ይሁን። ከታጠፈ ወይም ከተጨማደደ ድምፅ በእጥፋቱ በኩል ይገባል።

3. ለቀኝ ጆሮ ግራ እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አሻግራችሁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። የጆሮ ቀዳዳ ጠመዝማዛ ነው። ሲሳብ ቀጥ ይላል።

4. ሳይነፋ ቶሎ አስገቡት። ከዚያ በጣታችሁ ጫፍ ይዛችሁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቆዩ። ውስጥ እያበጠ ቀዳዳውን ይሞላል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ወዲያው ሲለቁት ወደ ውጭ ይገፋል።

5. ፈትሹ። ጫጫታው ባለበት ቦታ ሁለቱንም ጆሮ በመዳፋችሁ ሸፍኑ፣ ከዚያ ልቀቁ። ስትሸፍኑ ጩኸቱ በጣም ከቀነሰ መድፈኛው በደንብ አልገባም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ገብቷል። የራሳችሁ ድምፅ ጋን ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ከተሰማችሁም በትክክል ገብቷል።

6. ስታወጡት ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ አውጡ። በኃይል ከተሳበ የጆሮ ታምቡር ሊያም ይችላል።

ስፖንጁ ሲቆሽሽ ወይም ሲደርቅ ይጣላል። ከሲሊኮን የተሠራ መድፈኛ ካገኛችሁ ግን በሳሙና ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል። ጆሮው መግል የሚፈስ ሰው ምንም ነገር ወደ ውስጥ አያስገባ። ከላይ የሚደረገውን ይጠቀም፣ ሐኪምም ይየው። ከላይ የሚደረገው ደግሞ በኮፍያና በሻሽ ላይ ከተደረገ በክፍተቱ ድምፅ ይገባል። ቆዳ ላይ መጣበቅ አለበት።

አንድ ሒሳብ ልጨምር። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ ጥሩ መድፈኛ ያለው ሠራተኛ 8 ሰዓት ሙሉ ቢያደርገው 30ውን ያገኛል። በመሐል ለወሬ፣ ለስልክ፣ ለሻይ እያለ እዚያው ጩኸት ውስጥ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ቢያወልቀው ግን የቀኑ መከላከያው ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ብቻ! ስለዚህ ማውራት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ከቤቱ ውጡ፣ ከዚያ አውልቁ። ስትመለሱ በሩ ጋ ሳትደርሱ አድርጉ።

መንገድ ላይ ግን አታድርጉት። የባጃጅና የመኪና ድምፅ መስማት አለባችሁ።

ሠርግና ሞንታርቦ

ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ሠርግ በሠርግ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ዲጄው ሞንታርቦውን ይደረድራል። ወንበር ሲያልቅ ሰው ሞንታርቦው ሥር ይቀመጣል። ልጆች ደግሞ ሰውነታቸው ሲነዝር ደስ ስለሚላቸው ራሳቸው ይጠጉታል።

እዚህ ላይ ትልቁ መከላከያ እግራችሁ ነው። ሜዳ ላይ ከድምፁ የምትርቁት ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከሞንታርቦው 2 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል ካለ፣ 4 ሜትር ላይ 94፣ 8 ሜትር ላይ 88 ገደማ ይሆናል። ከላይ ባለው ሒሳብ 15 ደቂቃ የነበረው 4 ሰዓት ሆነ። ሌላ ምንም አላደረጋችሁም፣ ወንበራችሁን ብቻ አነሳችሁ።

ደጋሾች ከሆናችሁ ሞንታርቦውን ከፍ አድርጋችሁ አስሰቅሉት። ፊቱን ወደ ጨፋሪው እንጂ አዛውንቶችና እናቶች ወደሚቀመጡበት አታዙሩት። ከፊቱ አራት አምስት ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ዲጄውን በቅድሚያ አናግሩት። ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰምቶ ማውራት ካልቻለ ቀንስ በሉት። ጨፍራችሁ የደከማችሁ ሰዎች በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ውጭ ወጥታችሁ ንፋስ ተቀበሉ። ለጆሮም ዕረፍት ነው።

ይህ ለሠርግ ብቻ አይደለም። ጥምቀትም ይሁን ስብሰባ፣ ድምፅ ማጉያ ባለበት ሁሉ ልጆችን ከማጉያው ፊት አንሱ።

ተኩስ፣ ርችት፣ ጅራፍ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። እስካሁን ያወራነው ትንሽ ትንሽ እያለ ስለሚጎዳው ጩኸት ነው። ተኩስ ከዚህ ይለያል። የጠመንጃ ድምፅ ተኳሹ ጆሮ ጋ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል። እዚህ ላይ የሰዓት ሒሳብ አይሠራም። አንድ ጥይት ብቻውን በቋሚነት ሊጎዳ ይችላል።

በገጠራችን ለሠርግም ለለቅሶም መተኮስ የተለመደ ነው። የሚያሳዝነኝ ልጆቹ ናቸው። ቀለህ ለመልቀም ተኳሹ እግር ሥር ይሻማሉ። ከሁሉም ሰው ይበልጥ ጆሯቸው አፈሙዙ አጠገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው የፍንዳታ ልክ 120 ዴሲቤል ነው፣ ለአዋቂ 140። ጠመንጃ ሁለቱንም ያልፋል።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። ለደስታም ለሐዘንም አትተኩሱ። ወደ ላይ የሄደ ጥይት ተመልሶ የሚወርድበትም አይታወቅም። ሽማግሌ የሆናችሁ ሰዎች ይህን ከድግሱ በፊት ብትናገሩ ትደመጣላችሁ። ተኩስ መኖሩ ካልቀረ ልጆች ቀድመው ይራቁ። ጣራ ሥር ወይም ግድግዳ አጠገብ በፍጹም አይተኮስ። በሥራው ምክንያት ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ለልምምድ ሲሄድ የስፖንጁንና ከላይ የሚደረገውን ደርቦ ያድርግ። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ቀድሞ የሚጎዳው ግራ ጆሮው ነው፣ ምክንያቱም ለአፈሙዙ የሚቀርበው እሱ ነው።

የቡሄ ጅራፍም ከዚሁ ወገን ነው። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ማን የበለጠ ያጮኻል ይባላል። ያ ጥይት የሚመስል ድምፅ የሚመጣው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው። ጨዋታው ያምራል፣ እኔም አድጌበታለሁ፣ እንዲቀር አልፈልግም። ሜዳ ላይ ይሁን። በአጮኺውና በሌሎቹ መካከል አሥር እርምጃ ይኑር። ግቢ ውስጥ በግንብ መሐል አይሁን። ማንም በማንም ጆሮ አጠገብ አያጩኸው።

ለልጆቻችሁ አንድ ነገር አስተምሯቸው። ጅራፍ ሲነሳ፣ ርችት ሲለኮስ፣ አምቡላንስ ሲመጣ፣ አመልካች ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ቀዳዳ ላይ አጥብቀው ይጫኑ። ጣት በደንብ ከተጫነ ከጥጥ በብዙ ይሻላል። ሁልጊዜም አብሯቸው አለ።

መንገድ፣ ባጃጅ፣ ኢርፎን

አንዳንድ ባጃጅ ከኋላ ወንበር ጀርባ ስፒከር አለው። የተሳፋሪው ጆሮ ከስፒከሩ አንድ ክንድ አይርቅም። "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልን" ማለት ነውር አይደለም። በትሕትና ሲነገር አብዛኛው ይቀንሳል። ሹፌሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ለራሱም ነው የምትነግሩት።

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስታልፉ መስኮቱን ዝጉ። የከባድ መኪና ጥሩምባ ዋሻ ውስጥ ሲነፋ መውጫ ስለሌለው መልሶ ጆሮ ላይ ነው የሚያርፈው። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ሽንኩርት በሞተር ፓምፕ የምታጠጡ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አስነስታችሁ ራቁ። ረዘም ያለ ቱቦ ገዝቶ ሞተሩን ከሚሠራበት ቦታ ማራቅ ለጆሮ ትልቅ ነገር ነው።

ኢርፎን። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወጣቶች መንገዱን ሁሉ ኢርፎን ሰክተው ነው የሚሄዱት። የመኪናው ሞተር ይጮኻል፣ እሱን ለመብለጥ ድምፁን ይጨምራሉ። መኪናው ዳገት መውጣት ሲጀምር ደግሞ ሞተሩ ይበረታል፣ አሁንም ይጨምራሉ። ሲወርዱ ያንኑ ድምፅ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ቢሰሙት ይደነግጣሉ።

እንዲህ አድርጉ። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ድምፁን ደስ የሚል ልክ ላይ አድርጉ። ከስልኩ ሙሉ ድምፅ 60 በመቶውን አይለፍ። ያን ልክ ያዙ፣ መኪና ውስጥ አትጨምሩ። ካልተሰማችሁ ጆሮ ቀዳዳን በደንብ የሚሞላ ጎማ ያለው ኢርፎን ፈልጉ። የውጪውን ጩኸት ስለሚያስቀር ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። ብዙ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ፣ ሳውንድ ከሚለው ሥር፣ ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገድብ ነገር አላቸው። የልጆቻችሁን ስልክ ላይ ራሳችሁ ግቡና አስተካክሉት። በየሰዓቱ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ዕረፉ።

ሥራ ቦታ

ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ብርድ ልብሱ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ብረታ ብረት ቤትና እንጨት ቤትም በየሰፈሩ አለ። ግራይንደር ብረት ሲነካ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ሒሳቡን ታስታውሳላችሁ፣ 15 ደቂቃ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ የመስጠት ግዴታ ጥሎበታል። ሠራተኛውም የተሰጠውን የመጠቀም ግዴታ አለበት። ስለዚህ መድፈኛ መጠየቅ ልመና አይደለም። ስትጠይቁ ከሥራ ጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ለሰፈር ጩኸትም ልክ አለው። በአገራችን በመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ጎረቤታችሁ ሌሊት ማሽን የሚያስነሳ ከሆነ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ካልሆነ ቀበሌ አለ።

ጆሮ ከጮኸ በኋላ

ከጩኸት ወጥታችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ አሳርፉት። ያን ቀንና ማግስቱን ኢርፎን የለም፣ ሙዚቃ ቤት የለም፣ ወፍጮ ቤት የለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ምንም ነገር አትጨምሩበት። የሞቀ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ክብሪት እንጨት፣ የስክሪፕቶ ክዳን፣ አንዱም አይረዳም። ጉዳቱ ያለው ከታምቡር ወዲያ ነው፣ ከውጭ የገባ ነገር እዚያ አይደርስም። ታምቡሩን ግን ሊበሳ ይችላል።

ከሁለት ቀን በኋላም ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የአንገት በላይ ሐኪም እንዲያያችሁም ጠይቁ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ፣ ከተኩስ በኋላ ደም ወይም ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ከባድ ማዞር ከመጣ ግን ሁለት ቀን አትጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ሂዱ። በድንገት ለሚመጣ የመስማት መጥፋት መድኃኒት አለ፣ የሚሠራው ግን በጊዜ ሲጀመር ነው። ለሐኪሙ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠሩ ንገሩት። መርፌ የሚታዘዝላችሁ ከሆነ ጆሯችሁ እንደሚጮህ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉና ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ጩኸት ባለበት የምትሠሩ ሰዎች ምንም ባያማችሁም በዓመት አንዴ መስማታችሁን አስለኩ። ቀን መምረጥ ከከበዳችሁ የካቲት 24ን ያዙ። ከዓድዋ በዓል ማግስት ነው፣ የዓለም የመስማት ቀንም ነው።

ቀድሞ የተጎዳ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ አነጋገራችሁን ቀይሩ። እኛ ከፋሲካው በኋላ ቀስ በቀስ ተማርን። ጋሼ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ብርሃን ፊታችን ላይ እንዲያርፍ ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዙረን እንቀመጣለን፣ ከንፈራችንን ያያሉ። አንጮኽም፣ ዝግ እንላለን። አንድ ቃል ካልተሰማቸው ያንኑ አንደጋግመውም፣ በሌላ ቃል እንለውጠዋለን። ሰኔ ላይ ስሄድ ያንን የቤቱን ነገር እንደገና አነሳሁት። "ጋሼ፣ ልጁ ቤት ገነባ" አልኳቸው።

"እባክህ፣ መቼ?" አሉኝ፣ ፊታቸው ሁሉ እየበራ። "እንዴት እስካሁን ሳትነግረኝ!"